ይጩህ የተባለው ፍሬን

አጎቴ የሞተር ሳይክል ፍሬን ሲፈቱ ግራሶ የሚቀቡት በክብሪት እንጨት ጫፍ ነበር፤ ያውም የፍሬኑን ሸራ ለሚገፋው ዘንግ ብቻ። ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን ሸራ ግን የሚነኩት እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ከታጠቡ በኋላ ነበር።

አድጌ፣ ተምሬ በጤና ሥራ ስቀጠር፣ ከላሊበላ ብልባላ የምመላለስበት ሞተር ተሰጠኝ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። የኋላ ፍሬኑ ከሩቅ ስለሚጮኽ አፈርኩበት።

«ጋሼ፣ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ትንሽ ቅባት ቢጨምሩለትስ?»

«ሸራው ላይ?»

«አዎ፣ ዝም እንዲል።»

«እሱስ ዝም ይላል። ቁልቁለት ላይ ስትይዢውም ዝም ይልሻል።» የክብሪቱን እንጨት ወደ ግራሶው ጣሳ መለሱት። «ሸራው ደህና ነው። ይጩህ ልጄ፤ አህያውም መንገድ ይለቅልሻል።»

እየጮኸ ያን ሁሉ ቁልቁለት በደህና አወረደኝ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ደግሞ አጎቴ ድምፁን ከመታጠፊያው ሰምተው፣ ሳልደርስ የግቢያችንን በር ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር።

ካረፉ ወዲህ ፍሬኑን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እንደሳቸው በክብሪት እንጨት፣ እንደሳቸው እጄን ታጥቤ። ዛሬም መታጠፊያው ላይ ይጮኻል። ስደርስ በሩ ዝግ ነው፤ ሞተሩን አቁሜ፣ ወርጄ፣ ራሴ እከፍተዋለሁ።