በአንድ ዓይን የተሳለው ሰውዬ

ያሰሩኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጭድና ሽንት ይሸታል። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ባዶ ምርጊት ነው። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ አላውቅም። እኔ የሥዕል መምህር ነኝና ያየሁት ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር ነው። ጠማማ ነበር። የተበላሸ ሥራ ያናድደኛል፤ ያን ቀን ደግሞ ለመናደድ ምክንያት አላጣሁም።

በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ የአይከል አገር ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ምነው ልጄ፣ አንተን ደሞ በምን አመጡህ?"

"በሥዕል፣ አያ።"

"በምን?"

"ተማሪ በሳለው ሥዕል።"

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ ይህ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሥዕል አስተምራለሁ። መስመር፣ ቅርፅ፣ ብርሃንና ጥላ፤ ከዚያ ሌላ ምሥጢር የለኝም። በዚያ ሳምንት ሰውን ከጎን መሳል አሳየኋቸው፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ በአንድ መስመር ሲወርዱ። "ከጎን ሲታይ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ያላያችሁትን አትሳሉ" አልኳቸው። የቤት ሥራም ሰጠሁ፤ ዝም ብሎ የሚቆምላችሁ ሰው ፈልጋችሁ ከጎን ሳሉ ብዬ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በመንገዷ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አገኘች፤ የኬላውን ጠባቂ። ከነጠመንጃው ሳለችው። ያልኳትን አንድም አላጓደለችም።

ወረቀቶቹን ቤት ላርም በፌስታል ይዤ ከጎንደር አራዳ በባጃጅ ስሄድ እዚያው ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ራሱን አገኘ።

ያን ማታ መጋዘኑ ውስጥ አደርኩ፤ በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ፤ ስም የለውም። ያቺ ልጅ ስሟን መጻፍ ሁሌ ትረሳለች። አንድ አንድ ማርክ እየቀነስኩ ስንቴ ተቆጥቻት ነበር! ከክፍሉ ግማሹ የቤት ሥራውን ገና አላስረከበም፤ ስለዚህ ከስም ዝርዝሩ የጎደለውን ቆጥረው ሊደርሱባት አይችሉም። የቀራቸው የእኔ አፍ ብቻ ነው።

"ለምን በአንድ ዓይን ተሳለ?"

"ከጎን ስለሆነ ነዋ።"

"አታሞኘኝ፣ መምህር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ።"

እኔም አውቃለሁ። ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያዩናል፣ ሰይጣንና ይሁዳ ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። ያን ትምህርት ሳስተምር ትዝ አላለኝም። ጥፋት ካለብኝ ይኸው ነው፤ የት አገር እንደማስተምር መርሳቴ።

"ልጁን ንገረንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ" አለኝ። "እኛ የምንፈልገው አባቱን ነው። ልጅ ይህን ከራሱ አያመጣም።"

አባቷ ግንበኛ ነው፤ ስለ አንድ ዓይንም ስለ ሁለት ዓይንም ግድ የለውም።

"የሳልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ። "በል፣ ድገመው።"

በራሴ እጅ ብስለው ኖሮ እንኳን እሱ ማንም ይለየው ነበር። የልጅቷን እጅ ግን አውቀዋለሁ። እርሳሱን ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ትጫነዋለች። አንዱን መስመር ሁለቴ ትመላለስበታለች። ጆሮን ሁልጊዜ ከቦታው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ያንን ጆሮ ዓመቱን ሙሉ ሳወርድላት ኖሬያለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጆሮውን ወደ ላይ ሰቀልኩት። አገጩን አጣመምኩት። ጣቶቹን አሳብጬ ጠመንጃው ላይ ለጠፍኳቸው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ አያቸው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጓደኛውን ተጣራ።

"ና እይማ! የሥዕል መምህር ነኝ ይላል! ጆሮው እኮ አናቱ ላይ ወጥቷል!" ወደ እኔ ዞረ። "የሰው ልጅ የምታስተምረው በዚህ እጅህ ነው?"

ሃያ ዓመት የለፋሁበት እጅ ነው። ዞር በሉና እናንተኑ ልሳላችሁ፣ እጄን ታዩታላችሁ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"አዎ፣ በዚሁ ነው" አልኩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለገበሬው ነገርኳቸው። አገጫቸውን ይዘው አደመጡኝ።

"ሸጋ አድርገሃል" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ለመሆኑ ጆሮ ትክክለኛ ቦታው የት ነው?"

"ከላይ ከቅንድብ፣ ከታች ከአፍንጫ ጫፍ ጋር እኩል ነው፣ አያ።"

በጣታቸው ለኩ። አጠገባቸው ያለውም ለካ። ትንሽ ቆይቶ በዚያ መጋዘን ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውንና አፍንጫውን ይዞ ነበር። ጠባቂው በሩን ከፍቶ አየንና ምን ሆናችሁ አለ።

ሥዕሉን በእኔ ስም መዝግበው በሦስተኛው ሳምንት ለቀቁኝ። ስወጣ መርማሪው፣ "ከእንግዲህ ሰውን ከጎን መሳል እንዳታስተምር" አለኝ።

ክፍል ስገባ ልጅቷ ሮጣ መጣች።

"ቲቸር፣ ሥዕሌስ?"

"ጠፋብኝ። አሥር ከአሥር አግኝተሻል።"

ዓይኗ ፈጠጠ። "ስሜን ሳልጽፍ?"

"ስምሽን ሳትጽፊ።"

እስከ ዛሬ ምንም አታውቅም። ሰዎች ይቅር በል፣ አለፈ ይሉኛል። አላለፈም፤ ያንን ሳቅ አሁንም ስሰማው እናደዳለሁ። ያ ትምህርት በየዓመቱ ሲደርስ ወንበሬን ከፊታቸው አደርግና ጎኔን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ክፍሉ ሙሉ በአንድ ዓይን ይስለኛል። ወረቀቱ ላይ ስም እንዳትጽፉ እላቸዋለሁ። የማን እንደሆነ መስመሩን አይቼ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ማወቅ የለበትም።