ሬዲዮ ዝም ያለች ቀን

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ሬዲዮ እንኳ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፤ እሷ ግን መብራት ሲጠፋ ይብስባታል። የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክና ሰው የማይጠፋበት አግዳሚ ወንበር። ባሏ መካኒክ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው። «እግዜር የሱን ድርሻ ለሷ ደርቦ ሰጣት» ይላሉ ጎረቤቶች።

አንድ እሁድ ሰባኪው «ከእንግዲህ ቃሉን በየቀኑ የሚያነብና የሚያሰላስል ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሬዲዮ ግን ጥያቄው ሳያልቅ «እኔ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ማሰላሰል ማለት አፍን ዘግቶ መቀመጥ መስሏታል፤ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ እንደዚያ ናቸዋ! እሳቸው ሳሎን ጥግ ያለው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ሲያነቡ ዝንብ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው የምታልፈው። ሬዲዮም በማግስቱ ማለዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠች። የደረሳት የትውልድ ሐረግ ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን። «እናቶቹስ የት ሄዱ?» ልትል ምንም አልቀራትም፤ እንደምንም ዋጠችው።

ባሏ ፎጣ ፍለጋ ሲገባ ሚስቱ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ክው አለ።

«አሞሻል እንዴ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ይሄኔማ ጨርሶ ደነገጠ። «እማዬ! ድረሽ! መናገር አቅቷታል!»

አማቷ መነጽራቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው እየተጣደፉ መጡ። ግንባሯን ዳበሱ፤ «እስቲ ምላስሽን አውጪ» አሉ። ሬዲዮ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ በሳቅ ፈነዳች።

«እያሰላሰልኩ ነው እኮ!»

ባልየው እፎይ ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰና የእናቱ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀስ ብሎ ሲነሳ የመነጽሩ አንዱ ዓይን ወለሉ ላይ፣ ሌላው ሱሪው ላይ ነው።

«እንግዲህ አዲስ እስኪሠራልኝ ድረስ በምን ላነብ ነው?» አሉ አማቷ።

«እኔ አለሁልዎት አይደል፣ እማማ!» አለች ሬዲዮ።

እማማ ልጃቸውን አዩት፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩ። ምርጫ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ያስነበቧት መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲለምን የነበረውን ዓይነ ስውር ታሪክ ነው። ሬዲዮ ደግሞ በአንድ ድምፅ ማንበብ አታውቅበትም። ለማኙን በለማኝ ድምፅ፣ «ዝም በል» የሚሉትን ሰዎች አፍንጫዋን ይዛ አነበበቻቸው። ሰውየው ዝም በል ሲሉት ጭራሽ ብሶበት ጮኸ የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ደግማ አየችው።

«እማማ! ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ!»

«አንብቢ፣ ልጄ።»

«አይ፣ ይስሙኝ እንጂ! አገር ምድሩ ዝም በል ይለዋል፤ ጌታ ግን ጉዞውን አቋርጦ ቆመለት! ለዚያ ጯሂ ቆመለት!»

መጽሐፉን እንዳቀፈች ክፍሉን ዞረችው። እማማ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳነበው ጩኸቱን ሰምቼው አላውቅም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «በይ ድገሚልኝ፤ የጮኸባትን።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሬዲዮን ለማንበብ የቀሰቀሳት የለም፤ ራሷ ቀድማ ትነሳለች። ያነበበችውም ተከትሏት ሥራ ይገባል። ጌታ ዓይነ ስውሩን «ምን እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ?» ያለው ነገር ስታጥብም ስታበጥርም ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ብቻዋን ማኘክ ስላልሆነላት ደንበኞቿን ጠየቀች። አንዷ የራሷ ቤት፣ ሌላዋ ቀጭን ወገብ ተመኙ፤ ተሳሳቁ። ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው የሒሳብ መምህርት ናት፤ ፈገግታ የማታበዛ፣ ቁጥብ ሴት።

«አንቺስ? ምን ላድርግልሽ ቢልሽ?» ብላ ሬዲዮ ጆሮዋ ሥር ጮኸች።

ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱ ድምፅ አይሰማውም። «የሚያዳምጠኝ ሰው ይስጠኝ!» ብላ መምህርቷ ቤቱን አደበላለቀችው።

ሬዲዮ ለዚህች ሴት የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነግራታለች፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላት ግን አታውቅም። ካስኩን አጠፋች። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለች። ዝምም አለች።

አግዳሚው ላይ ያሉት ተያዩ። መምህርቷ በመጀመሪያ ተንተባተበች፤ ከዚያ ስለ እናቷ ሕመም፣ ብቻዋን ስለምትበላው እራት፣ በመጨረሻም ፈተና ላይ ቢጨንቀው የመምህርቷን ስም መልስ ብሎ ስለጻፈ ተማሪ አወራች። ግማሽ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ሁለቱ ተደጋግፈው ሲስቁ ወረፋ የያዙትም አብረው ሳቁ።

ሬዲዮ ያን ዕለት ወደ ቤት የገባችው እየሮጠች ነው። «እማማ! ቆምኩላት! ጌታ እንዳደረገው ቆምኩላት፤ ምንም አልተናገርኩም!»

«ምንም?»

«በእግዜር ፊት፣ ምንም!»

የእማማ አዲሱ መነጽር መጣ። አጠለቁት፣ ገጹን አዩበት፣ አወለቁት። «ራሴን ያዞረኛል» አሉ። «አንቺው አንብቢ።» ከሰዓት በኋላ ግን ያንኑ መነጽር አድርገው በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሾልኩ ሬዲዮ አየቻቸው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢር ጠበቀች።

በቀደም ማለዳ ጀልባዋ በማዕበል ስትናጥ ጌታ ተኝቶ የነበረበትን ታሪክ እያነበበች ነው። ማዕበሉን ራሷ እየነፋች፣ እማማም በእጃቸው ወንበሩን እየደበደቡ ያግዟታል። ባሏ የሥራ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሬዲዮ ውሃው ጀልባዋን ሊሞላት ሲል መጽሐፉን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

«ሥራ ይረፍድብሃል፤ በል ሂድ።»

«እንዴ!» አለ መካኒኩ። «ጀልባዋስ? ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው?»

እናትና ሚስት በሳቅ ወደቁ። እሱ ግን የምሩን ነው፤ የጋራዡን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።