በጀልባው ጠርዝ ላይ ያሸሁት ሻማ

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ አታውቅም፤ ያስታረቁን ሽማግሌዎችም አያውቁም። የሥራ ጓደኛዬ ሸረፋ እንደከዳኝ ግን ቡታጅራ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም።

ደግሞም ከድቶኛል። የእንጨት ሥራ ቤቱን የከፈትነው አብረን ነው፤ እሱ ይጠርባል፣ ይገጣጥማል፤ እኔ ቀለምና ቫርኒሽ እቀባለሁ። የዋንዛን እንጨት ውድ ማሆጋኒ የሚያስመስለው የቀለም ውሕድ የእኔ ነበር። እንደ ወንድም አይቼው አስተማርኩት። አንድ ጊዜ በር ልቀባ ወልቂጤ ሄጄ ሳለ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያዝናና ባለ ጀልባ እኔን ፈልጎ መጣ። የጀልባው የእንጨት ጠርዝ ደብዝዞበት እንዳድስለት ነበር። ሸረፋም “እሱ ሙያውን ትቷል፤ አሁን የምሠራው እኔ ነኝ” አለው።

ስመለስ ጀልባው ሥራ ቤታችን ውስጥ ቆሟል፤ ጠርዙ ተፍቆ በእኔው ቀለም ተቀብቷል። የሰውየው ሾፌር ስሜን ሲሰማ ጊዜ “እንዴ፣ ሙያውን ትተሃል አልተባለም?” አለኝ። ያን ጊዜ የሸረፋን አንገት ባንቅ ኖሮ፣ ተጣልተን፣ ተሰዳድበን ያበቃ ነበር። እኔ ግን በሆዴ ያዝኩት። እንዴት እንደነደድኩ አላህ ያውቃል።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሸረፋ ቫርኒሹን ከሶላት መልስ ሊቀባ አዘጋጅቶ ወጣ። “ና እንጂ፣ ኹጥባው ሊጀመር ነው” አለኝ። “ቅደም፣ እደርሳለሁ” አልኩት። አልሄድኩም። ሻማ አነሳሁና ጠርዙን ዙሪያውን አሸሁት። እንዳያስታውቅ በጨርቅ ወለወልኩት። ሰም ላይ ቫርኒሽ እንደማይዝ እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? የዓርቡ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ከመስጊዱ በድምፅ ማጉያ እየተሰማኝ አሸሁ። ሸይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም። እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

መጥቶ ቀባው። አብረቀረቀ። “እንዴት ነው?” ሲለኝ “ማሻአላህ” አልኩት።

ጀልባው በቆሼ ከተማ በኩል ወደ ሐይቁ ወረደ። ብዙም አልቆየም፤ ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቁበት ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሸለጠ። ባለቤቱ አይሱዙ ላይ ጭኖ አመጣና በገበያ ቀን ደጃችን ላይ አራገፈው። “ሙያ የለህም፣ አታላይ ነህ!” እያለ ሸረፋን በሕዝብ ፊት አዋረደው። እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አየሁ። ኋላም እንዴት እንደከዳኝ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ከተማው “የሰው ሐቅ ነው ያገኘው” አለ። እኔም ይበሉ ብዬ ተውኳቸው። ሥራ የሚሰጠው ሲያጣ ሥራ ቤቱን ለእኔ ትቶ ቆሼ ወረደ፤ በርበሬ ይነግዳል።

ሽማግሌዎች ሲያስታርቁን እያለቀሰ “ሐቅህን በልቼ ነው አላህ ያዋረደኝ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ” አለ። እዚያው እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን “አፉ ብዬሃለሁ” የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ ልበ ሰፊ ነው ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ የአረፋ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴ ይመጣል፤ አብረን እንበላለን። ብሩሽ ይዞ አያውቅም፤ የገዛ ቤቱን በር እንኳ ሌላ ሰው ነው የቀባለት። “እጄ ላይ በረካ የለም” ይላል። ዘንድሮም ልጆቹን ይዞ መጣ። እኔው ፊት “ጓደኛችሁን አትክዱ፣ እኔን ያገኘኝን አይታችኋል” አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ከልብህ ወጥቷል?” ብሎ ጠየቀኝ። “ወጥቷል” አልኩት።

መከዳቴ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ አልዋሽም። ግን እሱ የበደለኝን በሰው ፊት አምኗል። እኔስ? የእጄን ሥራ የአላህ ቅጣት አስመስዬ፣ ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ በጌታው ፊት አሸማቀቅኩት። ለዚህ ምን ምክንያት አለኝ? እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ አፉ ማለት የሚችለው ሸረፋ ነው። እሱ ደግሞ እስካሁን የሚለምነው እኔን ነው።