ኔሪስና ታች የሌለው ባልዲ

ድፍረቴን ይቅር በሉኝ። እኔ የድልድዩ ሥራ በር ላይ ቆሜ መኪና የማስገባና የማስወጣ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴን በልጅነቴ ስለተውኩት ከታርጋ ቁጥር የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ኔሪስን፣ ስለ አንቺ ልጻፍ ወይ ብዬ ሳስፈቅዳት ግን "ጻፍ፤ ብቻ ፀጉሬን እንዳታበላሸው" አለችኝ። ስለዚህ ጀመርኩት።

ዌልስ ውስጥ ባለችው በዚህች ሸለቆአችን ኔሪስን የማያውቅ የለም። ለብዙ ዓመት ፀጉር ቆራጭ ነበረች። ጎርፉ የእግረኛውን ድልድይ ጠርጎ ሲወስደው የእናቷ ቤት ወንዙ ማዶ ቀረ። ድሮ በእግሯ ትደርስበት የነበረው ቤት በአውቶቡስ ዞሮ መሄድ ሆነ። የሰው ፀጉር እየቆረጠች "ይሄን ድልድይ ማነው የሚሠራው? መቼ ነው የሚሠራው?" ስትል ከረመች። አንዷ ደንበኛዋ ሰልችቷት ለምን ራስሽ አትሠሪውም አለቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ኔሪስ ግን ወንበሯን ለሌላ ሰው አስረክባ ለሲቪል መሐንዲስነት አመለከተች። በሳምንት አራት ቀን ያንኑ ድልድይ ከምንሠራው ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ ትሠራለች፣ አንዱን ቀን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እየሠሩ ዲግሪ የሚያዝበት መንገድ ነው። ትንሽ ቸኩላ ቢሆን ኖሮ የክፍል ጓደኞቿን ትወልዳቸው ነበር።

እኛ ዘንድ አዲስ ሠራተኛ ሳይቀለድበት አይለምድም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፎርማናችን ግዊሊም፣ ውሃ ልኩ መስታወት ውስጥ ያለው የአየር አረፋ አርጅቷል፣ ከዕቃ ቤት አዲስ አረፋ አምጪ ብሎ ላካት። ዕቃ ቤት ያለው ኤምሊን ፈገግ እንኳ ሳይል፣ አረፋ አልቆብኛል፣ ከተማ ጠይቂ አላት። በዝናብ ከተማ ሄደች። ባለሱቆቹም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸውና አንዱ ወደ ሌላው እየላከ አዞራት። ከዚያ ደግሞ ባለ መስመር ቀለም አምጪ ተባለች፤ ከአንድ ጣሳ ቀይና ነጭ እየሆነ የሚወጣ። ባዶ እጇን ስትመለስ ማረፊያ ክፍሉ ሙሉ ሰው ሲስቅ ጠበቃት። አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ሁለተኛ ማንም እንዳያሞኛት ያን ቀን ማለች።

መሐላው ጥሩ ነበር። ጊዜው ነው ያልጠቀማት።

ዓመቱ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ፈታኝ ይልካል። ሥራዋን አይቶ ካልወደደው ትምህርቱም ሥራውም እዚያው ያበቃል፤ ኔሪስም መመለሻ ወንበር የላትም። ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር የምትጠብቀው። የመጀመሪያው አርማታ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ አንዲት አጭር አሮጊት ወደምጠብቀው በር መጡና ኔሪስን ጠየቁኝ። ዘመዷ መስለውኝ ማረፊያ ክፍል ድረስ ወሰድኳቸው።

ሴትዮዋ ከጥግ አንድ ሾጣጣ ቆርቆሮ አነሱ። ላዩም ታቹም ክፍት ነው።

"በይ እስኪ፣ ነገ አርማታውን በዚህ ሞልተሽ እንዴት እንደምትለኪው አሳዪኝ። ሞልተሽ ቆርቆሮውን ታነሺዋለሽ፣ ከዚያ አርማታው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ታያለሽ።"

ኔሪስ ቆርቆሮውን ተቀብላ በቀዳዳው አየችኝ። እስከዚያ ቀን ቁፋሮ እንጂ አርማታ ስላልነበረን እኔም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

"ግዊሊም ነው የላከዎት?" አለቻቸው።

"ኧረ ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

"እናቴ፣ ደግ ሰው ይመስላሉ፤ አይድከሙ። አረፋ ፍለጋ ሄጃለሁ። ባለ መስመር ቀለምም ፈልጌአለሁ። ታች የሌለው ባልዲ ግን አልሞላም። ይልቅ ይቀመጡና ይሄን ግንባርዎ ላይ የወረደውን ፀጉር ላስተካክልልዎት። ማን እንደቆረጠዎት አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለው።"

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና ተቀመጡ። በሻይ ሰዓት የሠራተኛውን ፀጉር ስለምታስተካክል መቀሷ ከቦርሳዋ አይጠፋም። እየቆረጠች ሁሉንም አጫወተቻቸው፤ የአረፋውን ነገር፣ የቁፋሮውን፣ ግዊሊም ራሰ በራነቱን በቆብ እንደሚደብቅ ሁሉ።

ግማሹ እንዳለቀ ግዊሊም ሻዩን ይዞ ገባ። አያቸውና ሻዩ ጫማው ላይ ይፈስስ ጀመር።

"ወይዘሮ ፕሮበርት" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኔሪስ ፈታኟ እኚህ መሆናቸውን ነገራት።

መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

"መጀመሪያ ጨርሺው፤ እንዲህ ሆኜ ምግብ ቤት አልገባም" አሉ ወይዘሮ ፕሮበርት።

ፀጉሩ እስኪያልቅ የአረፋውን ታሪክ ግዊሊምን ራሱን እንደገና አስነገሩት። ትምህርት ቤት አርፍዶ እንደመጣ ልጅ ቆቡን እያሻሸ ተናገረ። ከዚያ ተነሱና፣ "ነገ የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ትለካለች። ካወቀችው ትቀጥላለች። ካላወቀችው ግን ተቀልዶብኝ ነው ብትለኝም አላሳልፋትም" አሉ።

ከሰዓት በኋላውን ግዊሊም በእርጥብ አሸዋ ሲያስተምራት ዋለ። ችግሩ የሚላትን አንዱንም አለማመኗ ነበር። ሦስት ጊዜ ከፍለሽ ትሞያለሽ ሲላት፣ እውነት? አለች። እያንዳንዱን ሙሌት ሃያ አምስት ጊዜ በዘንግ ትወጊያለሽ ሲላት፣ ለምን ሃያ አራት አይሆንም? አለች። በእናቱ ቢምልም ወደ ዩኒቨርሲቲ ደውላ አጣራች።

በማግስቱ ጠዋት የአርማታው መኪና ሲገባ ሁላችንም ከበን ቆምን። ሞላች፣ ወጋች፣ ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጋ ቀስ ብላ አነሳች። ቆሞ መቅረት የነበረበት አርማታ እንደ ቀጠነ ገንፎ ተዘረጋ። ለካች። ደግማ ለካች። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ መንገድ ላይ ትንሽ ውሃ ነው የጨመርኩበት፣ ማንም አያውቅም የኔ ቆንጆ፣ አላት። ውሃ የበዛበት አርማታ ድልድይ አይሸከምም፤ መኪናው ከተመለሰ ግን ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ መቆሙ ነው። ግዊሊም መሬት መሬት ያያል። ወይዘሮ ፕሮበርት ኔሪስን ብቻ ያያሉ።

"መልሰው" አለች ኔሪስ።

ሾፌሩ የሚስቅ ሰው ፍለጋ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። የሳቀ የለም። ወይዘሮ ፕሮበርት ትቀጥላለች አሉና ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። እኔ ለሾፌሩ በሩን ከፈትኩለት። ኔሪስ ቆርቆሮውን አጥባ ሌላ መኪና እንዲላክ ስልክ ደወለች።