ያልተፈታ ስንቅ

ሸማ ተራ፣ ሙደሲር ሱቅ ደጃፍ የቆሙት የወሎ እናት የሕፃን ጋቢ የሚመርጡት በጣታቸው ሳይሆን በጉንጫቸው ነው። አንዱን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ይመልሱትና ሌላ ያነሳሉ። የአውሮፕላን የጓዝ መለያ ወረቀት ጆሮው ላይ የተንጠለጠለበት ዘንቢላቸው በዳቦ ቆሎ ጢም ብሏል። «ቢስሚላህ በሉ» እያሉ ላለፈ ላገደመው፣ ለተሸካሚው ሳይቀር፣ እየዘገኑ ያድላሉ።

«እማማ፣ ስንቁን ጨረሱት እኮ! ነገ ጅማ እስኪደርሱ ምን ሊበሉ ነው?» አለ ሙደሲር፣ እሱም አፉን ሞልቶ።

«የምን ስንቅ፣ አባቴ! ለሁለት ቀን መንገድ ብዬ ቆላሁት። ከኮምቦልቻ ብድግ ብለን፣ ቋጠሮዬን ሳልፈታው አዲስ አበባ ደረሳችሁ አሉን። የነገውም ከዚህ አይብስም አሉኝ።»

ተሸካሚው ሳቀ። እሳቸው ግን አሁን ያነሱትን ጋቢ ከጉንጫቸው አላወረዱትም።

«ልጄ ወልዳ ነው» አሉ። «ጅማ የዳርኳት ጊዜ፣ ከእንግዲህ ዓይኗን አላይም ብዬ ስንት ዓመት አለቀስኩ። ለካ ለዚህች መንገድ ነው!»

ይሄኔ እሳቸውም በሳቅ ፈነዱ፤ ዓይናቸውንም በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በል ሁለት አድርገው» አሉት ጋቢውን እየሰጡት። «ለሚቀጥለውም መሄዴ አይቀርም።»