ሽማግሌዎቹ የረገጡት ፍሬን

ታላቅ ወንድሜ ቁጭ ባለበት ሁሉ ቀኝ እግሩ መሬቱን ይረግጥ ነበር። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ። ጀውሃ ካለችው ሱቁ ደጃፍ የሚያልፍ እንግዳ ሰው ሬዲዮ እያዳመጠ ይመስለው ነበር። እኛ ቤተሰቦቹ እያየን እንዳላየን እናልፍ ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት መኪናችንን እየነዳ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ከገበያ የሚመለስ አንድ አዛውንት ገበሬ ገጭቶ ገደለ። "ወላሂ ፍሬኑ እምቢ አለኝ!" እያለ ማለ። በማግስቱ አበጋሮቹ፣ ማለትም ደም የሚያደርቁት አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ መኪናዋ ወደቆመችበት ወጡ። መካኒክ የጠራ የለም። በየተራ ጫማቸውን አውልቀው እየገቡ ፔዳሉን ረገጡት። አምስት ሽማግሌ፣ አምስት እግር። ፍሬኑ ድንጋይ ነበር፤ ደህና ይይዛል። እኔም ገብቼ ረገጥኩት። ድንጋይ።

"ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስኪጠራ አትጠብቅ፣ አላህን ፍራና አንተው ተናገር" አሉት ትልቁ።

ደም የሚደርቀው ገዳይ "አጥፍቻለሁ" ሲል ነው። ወንድሜ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አቀረቀርኩ። "እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር" አለ። ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ። በዚያው ቃሉ ተፈርዶበት ታስሮ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ጨብጦ አያውቅም።

መኪናዋ ለእኔ ቀረች። የእኔ ሾፌርነት ቆላ ለቆላ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ጀውሃ፣ ከጀውሃ ሸዋ ሮቢት። ሜዳው ላይ አንድ ቀን እንኳ አስቸግራኝ አታውቅም። በሆዴም "እውነትም ተኝቶ ነበር" እል ነበር።

ባለፈው ክረምት ደብረ ሲና ለቅሶ ወጣሁ። ስመለስ ጉም መንገዱን ውጦታል። እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ ነው ቁልቁለቱን የወረድኩት። ወንድሜ ሰውዬውን ከገጨበት መታጠፊያ ስደርስ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ባዶ። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሞ ረገጥኩ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ፣ ጎኗን ከአፈሩ ግድግዳ አጋጭቼ አቆምኳት።

የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጉሙ ውስጥ የእግር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቀስ ያለ፣ የሽማግሌ እርምጃ። ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ቆይቼ፣ እየፈራሁ ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩት።

ድንጋይ።

ብትስቁም ሳቁ፣ ሟቹ ከሥር ሆኖ በእግሩ መልሶ የገፋው ነው የመሰለኝ። በአንደኛ ማርሽ እየተሳብኩ ሸዋ ሮቢት ገባሁ።

መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍቶ አሳየኝ። ጠቁሯል።

"ጋሼ፣ ይሄ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሲጎድል እጨምራለሁ እንጂ ተቀይሮ አያውቅም።"

"ከየት ነው የሚጨምሩት?"

ቆጣቢ ነኝ፤ የተረፈ ነገር አልጥልም። ቤቴ መስኮት ላይ ክዳኑ የጠፋ፣ አፉን በላስቲክ ያሰርኩት የፍሬን ዘይት ጠርሙስ አለ። በዚያ ሙቀት ዓመታት ተቀምጧል። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ ዘይት እኮ ካየር ላይ ውሃ ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ቢረግጡት ጎማ አይዝም። ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል። ምንም እንዳልተፈጠረ።"

ከዕቃው ክዳን ላይ የትኛው ዘይት እንደሚሆን አነበበልኝ፤ ዶት አራት። እሽጉ ያልተከፈተ እንድገዛ ላከኝ፤ የተረፈውን እንዳላስቀምጥ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዳስቀይር አስጠነቀቀኝ። ከዚያ እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከኋላ ጎማ ጀምሮ አሮጌውን በቀጭን ቱቦ ያወጣል። "ይርገጡ። ይያዙ። ይልቀቁ።" እግሬን ዝቅ ብዬ ሳየው የወንድሜ እግር ነው። ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ሰውዬውን በገጨበት ዕለት፣ ወንድሜ ወደ ደብረ ሲና ሊወጣ ሲል "የፍሬን ዘይት ጎድሏታል" ብሎኝ፣ ጠርሙሱን ከመስኮቱ አንስቼ የሞላሁለት እኔ ነኝ።

በነጋታው ጀውሃ ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል፣ እግሩ ይረግጣል።

"ወንድም ጋሼ፣ እውነትህን ነበር። ፍሬኑ እምቢ ብሎሃል።"

"ማን ነገረህ?"

"እኔንም እምቢ አለኝ። እዚያው መታጠፊያ ላይ።"

መካኒኩ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። እንባው ዝም ብሎ ወረደ፤ "አልተኛሁም፣ አልተኛሁም" ይላል። እዚህ ላይ ባቆም ማንም አያውቅብኝም ነበር። አፍሬያለሁ፣ ግን ጨረስኩት።

"ዘይቱን የሞላሁልህ እኔ ነኝ። አፉ ክፍት ከሆነው ጠርሙስ።"

እግሩ ቆመ።

ተነስቶ ወደ ሱቁ ገባ። ትናንት ምሳ ላይ ሚስቴ ማዕዱን ያዝ አድርጋ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ገበታው እየተነቃነቀ ነው" አለችኝ፤ "እግርህን አሳርፈው።"