የጎደሊቭ የግልግል ቀን

ጎደሊቭ ማስ በሉስትጋርተን አልማዝ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማየት። ወደ ሰሜን በሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ወረንጦ፣ በሌላው ማጉያ መነጽር ይዛ ጥሬውን ድንጋይ አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ይሄ ይቆረጥ፣ ይሄ ስንጥቅ አለው፣ ይሄ ይቆይ። ከኋላ ክፍል ያለነው ቆራጮች የምንነካው እሷ ያሳለፈችውን ብቻ ነበር። አባቷ ኔይለን በምትባል መንደር በቤቱ ጓሮ አልማዝ ሲቆርጥ ስለኖረ፣ ፊደል ሳትለይ ድንጋይ ለይታለች እያልን እንቀልድባት ነበር።

በዚያን ጊዜ ጥሬ አልማዝ ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከአንድ ሻጭ ነው። በዓመት አሥር ጊዜ ራሱ የመረጣቸውን ነጋዴዎች ለንደን ይጠራና ለእያንዳንዳቸው አንድ ሳጥን ጥሬ ድንጋይ ያቀርባል። ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው። ሳጥኑን ከነምኑ መውሰድ እንጂ ይሄን ልውሰድ ያንን ልተው የለም። እምቢ ማለት አልተከለከለም ይባላል፤ እምቢ ያለ ግን ዳግመኛ እንደማይጠራ በእኛ ከተማ በአንትወርፕ የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። አሠሪያችን አቶ መንደል ሉስትጋርተን በየጊዜው ጎደሊቭን ይዘው ይሄዱና ሳጥኑን ተሸክመው ይመለሱ ነበር።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተሰጣቸውን ሳጥን ጎደሊቭ እዚያው ለንደን ግማሽ ቀን አየችው። ከዚያ መነጽሯን አስቀመጠች።

«አቶ ሉስትጋርተን፣ ይሄን አንውሰድ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ግማሹ ገና ስንነካው ይፈረካከሳል። የቀረው ቀለሙ ደፍርሷል። ያለፈውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ችለናል፤ ይሄኛውን ይመልሱት።»

«ከመለስን የሚመጣውን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ስለ ድንጋዩ ነው።»

አቶ ሉስትጋርተን ጥቂት አሰቡና ሳጥኑን ከድነው ወደ ሻጩ ሰዎች ገፉት።

ከስምንት ወር በኋላ ትሕትና የተሞላች አጭር ደብዳቤ መጣች። ከእንግዲህ ከደንበኞቻችን አንዱ አይደላችሁም ትላለች። ከአሥራ አምስት ቆራጮች አሥራ አንዱ ተሰናበቱ። እኔ ከቀሩት ከአራቱ አንዱ ነኝ። ከተሰናበቱት ውስጥ ደግሞ የጎደሊቭ እህት ባል ስታፍ አለበት።

ስታፍ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን አያርፍም። እሑድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ የሾርባውን ድስት ወደ ጎደሊቭ ገፋ አደረገና «እስቲ አንቺ ቀድመሽ እዪልን፤ ስንጥቅ ካለው እንመልሰዋለን» አላት። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ፈገግ አለች። ከዚያ እሑድ ወዲያ ግን እዚያ ማዕድ ላይ አልታየችም።

ሥራ ላይም ሌላ ሰው ሆነች። አቶ ሉስትጋርተን ድንጋይ አንስተው «ይሄ እንዴት ነው?» ሲሏት፣ አይታ አይታ «እርስዎ ያውቃሉ» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ዳኛ ስትፈርድ የኖረች ሴት አንዲት ነጠላ ድንጋይ ላይ መፍረድ አቃታት። አቶ ሉስትጋርተን ያገኙትን ከዚህም ከዚያም እየገዙ ቤቱን እንደምንም አቆዩት።

በእኛ ሠፈር ክስ ነውር ነው። ሚሊዮን የሚያወጣ ድንጋይ እጅ ተጨባብጠው «ማዘል»፣ ማለትም መልካም ዕድል፣ ካሉ በኋላ፣ ወረቀትም አያስፈልግ፣ ያለቀ ነገር ነው። አቶ ሉስትጋርተን ሻጩን ለግልግል ዳኞች ሊከሱ ነው ሲባል የገዛ ወንድማቸው እንኳ አኮረፋቸው። እሳቸው ግን አልመለስም አሉ። ጠበቃቸው አኔሊስ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ነበረች፤ ጎደሊቭን ጠርታ አስረዳቻት።

«የጉዳያችን ምሰሶ እርስዎ ነዎት። ሳጥኑን በመመለሳችን ተቀጣን ነው የምንለው። የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ፤ ሌላ አይጠበቅብዎትም።»

በቀጠሮው ጠዋት ወደ ችሎቱ የወሰድኳት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ «ገባህ?» አለችኝ። «ካሸነፍን፣ አሥራ አንድ ሰው ከሥራ ያስወጣሁት እኔ መሆኔ በማኅተም ይረጋገጣል። ከተሸነፍን ደግሞ ቤቱ አለቀለት። የትኛውን ብዬ ልጸልይ?»

ችሎቱ በር ላይ ደርሰን ስለነበር መኪናውን አቆምኩ።

ሦስቱ ዳኞች ፊት ቀርባ፣ ያየችውንና ያለችውን አንድም ሳትጨምር ተናገረች። ስትጨርስ የሻጩ ጠበቃ ተነሣና አንድ ወረቀት አቀረበ።

«ይህ ሳጥኑ ከመመለሱ ከአሥራ አራት ወር በፊት የተጻፈ የውስጥ ሰነድ ነው» አለ። «ደንበኛዬ ያን ጊዜ አሠራሩን ሊለውጥ ወስኗል፤ ትልልቅ ሱቅና ማስታወቂያ ላላቸው ብቻ ሊሸጥ። የሚቀነሱት ትንንሽ ቤቶች እዚህ ተዘርዝረዋል። ሉስትጋርተን አሥራ ዘጠነኛው ነው። ቅጣት አልነበረም፤ ሳጥኑን ቢወስዱትም መቀነሳቸው አይቀርም ነበር።»

አኔሊስ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ጎደሊቭ ግን ከቦታዋ ሳትነሣ፣ «ቀኑን ያንብቡልኝ» አለች።

የመካከለኛው ዳኛ ግራ ገብቷቸው አዩዋትና ወረቀቱን ተቀብለው ቀኑን አነበቡላት። ያን ጊዜ የተነፈሰችው ትንፋሽ ከኋላ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ። ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ ወደ እኔ ዘወር ስትል ከጣቶቿ ሥር ፈገግታዋ ታየኝ።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ሉስትጋርተን ቀረቡን። «ሊቭ፣ መሸነፋችን ነው። አንቺ ደግሞ ፊትሽ በርቷል። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤቱን ያፈረስኩት እኔ እየመሰለኝ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «እና ድንጋይ ላይ አልፈርድም ያልሽኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ዓይንሽ የደከመ መስሎኝ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ ማለት ከብዶኝ ነው የኖርኩት።»

«ዓይኔ ደህና ነው።»

«ስሚ። አባቴ በእነዚያ ሰዎች ፊት እንዳጎነበሰ ሞተ፤ እኔም ሳጎነብስ ኖርኩ። ቀና ብዬ የወጣሁት ያን ሳጥን የመለስን ዕለት ብቻ ነው። እሱንም ያንቺ አፍ ባይኖር አላደርገውም ነበር።»

ውሳኔው በበጋው ወጣ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ቤቱ ግን አልተዘጋም። አዳዲስ የማዕድን ባለቤቶች ምርታቸውን በሻጩ እጅ ማሳለፍ ትተው፣ እዚያው አንትወርፕ ውስጥ በጨረታ መሸጥ ጀምረው ነበር። ፈላጊ ገብቶ ያያል፤ የፈለገው ላይ ዋጋውን ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያስገባል፣ ያልፈለገውን ይተዋል። መጀመሪያ የሄዱ ዕለት ጎደሊቭ አንዱን የድንጋይ ጥቅል አየችና «ይሄ አይሆነንም» አለች። አስተናጋጇ ጥቅሉን አጣጥፋ «የሚቀጥለውን ላምጣ?» ብቻ አለቻት። ጎደሊቭ ይሄን ስትነግረን «አንድም ሰው አልተቆጣም እኮ» እያለች ደጋግማ ነው። በዚያ ሳምንት የፈለጉትን ሌላ ሰው ዋጋ አስበልጦ ወሰደው፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ደህና ጥቅል አገኙ። ከተሰናበቱት ሁለቱ ተመልሰው ተቀጠሩ።

ስታፍ አልተመለሰም። እሱ አውቶቡስ መንዳት ጀምሮ ነበር፤ ወገቤ ተቃንቷል ይላል። ጎደሊቭ ከችሎቱ በኋላ በነበረው እሑድ እህቷ ቤት ሄዳ የሰነዱን ነገር ከነቀኑ ነገረችው። ሹካውን አስቀመጠ።

«ታዲያ ያን ሁሉ የዘለፍኩሽ በከንቱ ነው?»

«በከንቱ ነው።»

«ይቅር በይኝ ሊቭ» አለ ስታፍ፤ ድንቹንም ከማንም አስቀድሞ እሷ ሳህን ላይ አወጣላት።